ካረጡ በኋላ የሚመጣው የትንፋሽ መቋረጥ

ዕድሜዋ 50ን ያለፈ ሴት «እንቅልፍ እምቢ አለኝ፣ ጠዋት ራሴን ያመኛል፣ ቀኑን ሙሉ ይደክመኛል» ስትል ብዙ ጊዜ «ዕድሜ ነው» ወይም «ጭንቀት ነው» ተብላ የእንቅልፍ መድኃኒት ተሰጥቷት ትመለሳለች። ሌሊት እንዴት እንደምትተነፍስ የሚጠይቃት ግን ጥቂት ነው።

የእንቅልፍ አፕኒያ የሚባለው፣ ስንተኛ የጉሮሮ ጡንቻ ላልቶ የአየሩ መንገድ ሲዘጋ ወይም ሲጠብ፣ ትንፋሽ ቢያንስ ለ10 ሰከንድ ሲቋረጥ ወይም ሲያንስ ነው። ይህ በሰዓት ከ5 ጊዜ ጀምሮ ሲደጋገም ቀላል፣ ከ15 ጀምሮ መካከለኛ፣ ከ30 ጀምሮ ከባድ ይባላል።

በወጣትነት ሴቶችን ከሚጠብቋቸው ነገሮች አንዱ ፕሮጄስትሮን የሚባለው ሆርሞን ነው። አንጎልን ለትንፋሽ ያነቃቃል፤ ምላስን ወደ ፊት የሚስበው ጡንቻም ይህ ሆርሞን ከፍ ሲል ይበልጥ ይሠራል። ሴቲቱ ስታርጥ ይህ ድጋፍ ይቀራል። ሌላው የሴት ሆርሞን፣ ኤስትሮጅን፣ ሲቀንስ ደግሞ ዳሌና ጭን ላይ ይቀመጥ የነበረው ስብ ወደ ሆድና አንገት ያደላል። የአንገቱ ስብ ጉሮሮን ከውጭ ይጫነዋል። የሆዱ ደግሞ ሳንባን ወደ ላይ ይገፋዋል፤ ሳንባ ሲያንስ ጉሮሮን ወደ ታች ወጥሮ የሚይዘው ኃይል ይላላል። ሚዛን ላይ ክብደቷ ባይለወጥም ይህ ሊሆን ይችላል።

በ2001 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ፔንሲልቬኒያ የወጣ ጥናት የቀን ምልክት ያለበትን አፕኒያ ካላረጡት ሴቶች 0.6 በመቶ ላይ፣ አርጠው ሆርሞን ከማይወስዱት 2.7 በመቶ ላይ አግኝቷል። ሆርሞን በሚወስዱት 0.5 በመቶ ነበር። ይሁን እንጂ ሆርሞን የሚወስዱ ሴቶች ቀድሞውኑ ጤናማ የመሆን ዕድል ስላላቸው ልዩነቱ ከሆርሞኑ ላይሆን ይችላል፤ ስለዚህ ለአፕኒያ ብቻ ተብሎ አይታዘዝም።

ትልቁ ችግር ምርመራው ላይ ነው። የሴቶች ትንፋሽ በብዛት የሚስተጓጎለው ሕልም በሚታይበት የእንቅልፍ ክፍል ነው። 7 ሰዓት ተኝታ፣ አንድ ሰዓት ተኩል በሆነው የሕልም እንቅልፏ 30 ጊዜ ትንፋሿ ቢቋረጥ፣ ለ7 ሲካፈል በሰዓት 4.3 ይመጣና ውጤቷ «ጤናማ» ይባላል። በሕልሙ ሰዓት ብቻ ግን በሰዓት 20 ነው! የቤት መመርመሪያው ይብሳል፤ ብዙዎቹ የአንጎል ሞገድ ስለማይለኩ ነቅታ የተገላበጠችበትን ሰዓት ጭምር ቆጥረው ያካፍላሉ። 8 ሰዓት ተጋድማ 5 ብቻ ብትተኛ፣ እነዚያው 30ዎቹ በሰዓት 6 መሆን ሲገባቸው 3.75 ይሆናሉ። ስለዚህ የቤቱ ምርመራ «የለብሽም» ብሎ ምልክቱ ከቀጠለ፣ በእንቅልፍ መመርመሪያ ላቦራቶሪ ውስጥ የሚደረገውን ይጠይቁ፤ የሕልሙን ክፍል ቁጥርም ለብቻው ያሳዩኝ ይበሉ። የታይሮይድ ምርመራም አይዘለል፤ የታይሮይድ ማነስ አፕኒያን ያባብሳል፣ ድካሙም ይመሳሰላል።

ሕክምናው በአብዛኛው ሲፓፕ የሚባል ማሽን ነው፤ በጭምብል አየር እየገፋ ጉሮሮን ክፍት ያደርጋል። ብዙዎች የሚተዉት ጭምብሉ ስለማይገጥም ነው። አየር ከጭምብሉ ወደ ዓይን ካመለጠ ማሰሪያውን ከማጥበቅ በፊት የጭምብሉን መጠን ይቀይሩ፤ ከልክ በላይ ማጥበቅ የጭምብሉን ለስላሳ ጠርዝ አጣሞ የአየሩን ማምለጥ ያባብሳል። በጎን መተኛት ይረዳል። አልኮልና እንደ ዲያዜፓም ያሉ ማስተኛዎች ግን ጡንቻውን ይበልጥ ስለሚያላሉ ያልታወቀ አፕኒያ ላላት ሴት አደገኛ ናቸው። መብራት በሚቆራረጥበት ሰፈር ለማሽኑ ባትሪ ያስፈልጋል፤ አየሩን የሚያረጥበው የማሽኑ የውሃ ማሞቂያ ከተዘጋ ባትሪው በጣም ይቆያል።