ያለ ሲሚንቶ የተገጠመልኝ ዳሌና የቡና ዱካዬ

የቀኝ ዳሌዬን ያስቀየርኩት በ56 ዓመቴ ነው፣ እዚህ ሜሪላንድ። ሁለት ዓመት ሙሉ ብሽሽቴን ሲያመኝ “ወገቤ ነው” እያልኩ አሳለፍኩት። ካልሲ ለማጥለቅ ልጄን መጥራት ስጀምር ግን ራጅ ተነሳሁ። አጥንት ከአጥንት እየተፋጨ ነው ተባልኩ።

ሐኪሙ “ያለ ሲሚንቶ ነው የምንሠራልሽ” ሲለኝ ደነገጥኩ። ሲሚንቶ የሚሉት ሰው ሠራሹን ዳሌ ከአጥንት ጋር የሚያያይዘውን ማጣበቂያ ነው። ታዲያ ምን ይዞት ሊቆም ነው? ናሙናውን አውጥቶ እጄ ላይ አስቀመጠልኝ። የቲታኒየም ዘንግ ነው፤ ታችው ልሙጥ፣ ላዩ ግን እንደ ብርጭቆ ወረቀት ሻካራ። ጭን አጥንት ውስጥ በመዶሻ ጥብቅ ተደርጎ ይገባል፣ ከዚያ የራሴ አጥንት ሻካራው ውስጥ እያደገ ይጨብጠዋል። ሲሚንቶ በደቂቃዎች ይደርቃል፤ አጥንት ግን ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይፈልጋል። አጥንታቸው ለሳሳ አረጋውያን ብዙ ጊዜ ሲሚንቶው ይመረጣል፣ ምክንያቱም ዘንጉ በኃይል ሲገባ አጥንቱ ሊሰነጠቅ ይችላል። ስለዚህ ለእኔ የሆነው ለእናታችሁ ላይሆን ይችላልና ጠይቁ።

ጠዋት ተሠራሁ፣ ማታ በዎከር፣ በእጅ በሚያዘው መደገፊያ፣ ቆምኩ። የድሮው ሕመም የለም! የቁስሉ ሕመም ብቻ ነው የቀረው። ያሳሳተኝም ይኸው ነው።

በሦስተኛው ሳምንት ጎረቤቴ ቡና ጠራችኝ። እንደ ልማዴ ዱካ ላይ ቁጭ አልኩ። ጉልበቴ ከዳሌዬ በላይ ወጣ። ስኒ ላነሳ ጎንበስ ስል ውስጤ ቀጭ አለ፣ ላብ አጠመቀኝ። ዝቅ ብለሽ አትቀመጪ፣ እግርሽን አታጣምሪ፣ የዘንጉ ጫፍ ላይ ያለው ኳስ ከማቀፊያው ሊወልቅ ይችላል ብለውኝ ነበር እኮ። ራጁ ሲታይ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሁሉም በቦታው ነው።

ከዚያ ወዲህ ቤቴን ቀየርኩት። ምንጣፉ ተነሳ፣ የሽንት ቤቱ መቀመጫ ከፍ አለ፣ ስተኛ በጉልበቶቼ መሃል ትራስ አደርጋለሁ። ይህን ሁሉ ከቀዶ ሕክምናው በፊት ማድረግ ነበረብኝ። ደረጃ ስትወጡ ጤነኛው እግር ይቅደም፣ ስትወርዱ የተሠራው። ከመቀመጫ ስነሳ ጭኔን ለወራት ያመኝ ነበር፤ ያለ ሲሚንቶ የተሠራለት ሰው ላይ እንደሚያጋጥም ቀድሞ የነገረኝ ስላልነበረ ብዙ ሌሊት ተጨነቅኩ። ቀስ በቀስ ለቀቀኝ።

አሁን ከተሠራሁ ስምንተኛ ወር ሆነኝ። ረከቦቱን ጠረጴዛ ላይ አውጥቼ፣ መደገፊያ ያለው ወንበር ላይ ተቀምጬ አፈላለሁ። መጀመሪያ እንግዶቼን ቅር ብሏቸው ነበር። ባለፈው እሁድ ግን ጉልበቷን የሚያማት ጎረቤቴ “እኔም ከፍ ያለውን ወንበር አምጪልኝ” አለች።