የትኛው የግንባታ ሙያ ለእኔ ይሆናል ለምትሉ

ወደ ግንባታው ዘርፍ ለመግባት የሚያስቡ ወጣቶች ደጋግመው የሚጠይቁኝ ጥያቄ «አርክቴክቸር ልማር ወይስ የእጅ ሙያ?» የሚል ነው። አብዛኞቹ ይህን ሲጠይቁ አንዱን ከፍ፣ ሌላውን ዝቅ አድርገው ነው፤ ውጤት የመጣለት ንድፍ ይነድፋል፣ ያልመጣለት ብሎኬት ይደረድራል እንደ ማለት። እኔ አርክቴክቸር የተማርሁት ሁለት ዓመት ያህል የአናጢ ረዳት ሆኜ ካሳ ፎርማ (ኮንክሪት የሚሞላበትን የእንጨት ቅርጽ) ስመታ ከቆየሁ በኋላ ስለሆነ፣ ይህ አመዳደብ ስሕተት መሆኑን በሁለቱም በኩል ቆሜ አይቻለሁ።

በእኔ እምነት ሙያዎቹን ከምንም በላይ የሚለያያቸው በሥራውና በውጤቱ መካከል ያለው የጊዜ ርቀት ነው። ግንበኛ ጠዋት ክር ወጥሮ የጀመረውን ግድግዳ ማታ ቆሞ ያየዋል፤ ቱንቢ ሲጥል ግድግዳው ከተጣመመ እዚያው ያውቃል፣ አፍርሶም ያቃናል። ኮንክሪት የሚሞሉ ሠራተኞች ትንሽ ይጠብቃሉ፤ የኮንክሪት ጥንካሬ በተለምዶ የሚለካው በ28ኛው ቀን ነውና፣ እስከዚያው ውሃ እያጠጡ የሠሩትን ይንከባከባሉ። አርክቴክት ግን ዛሬ ያሰመረው መስመር ሕንፃ ሆኖ ሰው ሲገባበት ለማየት ዓመታት ይጠብቃል፤ በመካከሉ ባለቤቱ ሐሳቡን ይቀይራል፣ ገንዘብ ያጥራል፣ ፈቃድ ይዘገያል፣ አንዳንዴም ሥራው ጨርሶ ይቀራል። ተሰጥኦ ያላቸው ጓደኞቼ ቢሮውን ትተው የወጡት ንድፍ ከብዷቸው አይደለም፤ እጃቸው የሠራውን በዚያው ቀን ማየት የሚያስፈልጋቸው ሰዎች በመሆናቸው ነው። ይህን ባሕርይ ቀድሞ በራስ ላይ ማወቅ ከማንኛውም የፈተና ውጤት ይበልጥ ይጠቅማል።

እኔን ወደ ንድፍ የመራኝ አንድ የሕንፃ መወጣጫ ደረጃ ነው። የደረጃውን ካሳ ፎርማ በፕላኑ መሠረት፣ እያንዳንዱን ከፍታ 17 ሴንቲ ሜትር አድርገን መትተን ጨርሰን ነበር። የሠራተኞቹ አለቃ የሆነው ፎርማናችን ሜትሩን ይዞ መጣና የወለሉ ንጣፍ ከነማስተካከያው 8 ሴንቲ ሜትር፣ የደረጃው እብነ በረድ ከነማጣበቂያው 5 ሴንቲ ሜትር መሆኑን ጠቅሶ እንድናሰላ አደረገን። ንጣፉ ሲያልቅ የመጀመሪያው ደረጃ ወደ 14 ይወርዳል፣ የመጨረሻው ወደ 20 ይወጣል፣ የመካከሎቹ ብቻ 17 እንደሆኑ ይቀራሉ። ደረጃ የሚወጣ ሰው ዓይኑ ሌላ ቦታ ሆኖ እግሩ ግን የመጀመሪያዎቹን ከፍታዎች ይለምዳል፤ በድንገት የ3 ሴንቲ ሜትር ልዩነት ሲያጋጥመው ይደናቀፋል፣ ሽማግሌ ከሆነ ደግሞ ሊሰበር ይችላል። ስሕተቱ የተፈጠረው የኮንክሪቱን እንጂ ያለቀውን ወለል ከፍታ ባላሰበ ሰው ወረቀት ላይ ነበር። የመታነውን ነቅለን እንደገና መታን። ንድፍ ማለት ለሌላ ሰው እጅ የሚሰጥ ትእዛዝ መሆኑን የተረዳሁት ያን ቀን ነው። ያንን ትእዛዝ በጥንቃቄ የሚጽፍ ሰው ለመሆንም የተመኘሁት ያኔ ነው። (ከፍታውን በሁለት አባዝቶ ከመርገጫው ስፋት ጋር ሲደመር ከ60 እስከ 64 ሴንቲ ሜትር ገደማ መምጣት አለበት የሚለውን የቆየ ደንብ ከትምህርት ቤት በፊት የነገረኝም ይኸው ፎርማን ነው።)

በወረቀትና በእጅ መካከል ያለው ክፍተት ከመደናቀፍ የከፋ ዋጋም ያስከፍላል። እ.ኤ.አ. በ1981 በአሜሪካ ካንሳስ ሲቲ በአንድ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ ከጣሪያ ላይ በብረት ዘንግ ተንጠልጥለው የነበሩ የእግረኛ መተላለፊያዎች ተደርምሰው 114 ሰዎች ሞተዋል። በመጀመሪያው ንድፍ አንድ ረጅም ዘንግ ላይኛውንም ታችኛውንም መተላለፊያ ይዞ ይወርድ ነበር፤ ያን ያህል ርዝመት ያለውን ዘንግ የብሎን ጥርስ አውጥቶ መግጠም አስቸጋሪ ስለሆነ በሁለት አጫጭር ዘንጎች ተተካ። ለውጡ ቀላል ቢመስልም ታችኛው መተላለፊያ በላይኛው ላይ እንዲንጠለጠል አደረገ፤ በላይኛው ማሰሪያ ላይ የሚያርፈው ጭነትም እጥፍ ሆነ። ንድፉን ያወጡት ሰዎች ብረቱ እንዴት እንደሚገጠም አስቀድመው ቢያስቡ፣ ለውጡን ሲያጸድቁም ጭነቱን እንደገና ቢያሰሉ ኖሮ ያ ሁሉ ሰው ባላለቀ ነበር። ብረት በያጅ ለመሆን የምታስቡ ሁሉ ይህን ታሪክ እንድታውቁት እፈልጋለሁ፤ «ይህ እንዴት ይገጠማል?» ብሎ መጠየቅ የሙያችሁ ክብር ነው።

ስለ ሥልጠናው ብዙ ማለት አያስፈልግም። ለአርክቴክት በዓለም አቀፍ ደረጃ የተለመደው መለኪያ ቢያንስ አምስት ዓመት ትምህርትና ሁለት ዓመት የተግባር ልምምድ ነው፤ የእጅ ሙያዎች እንደየአገሩና እንደየሙያው ብዙ ጊዜ ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ይወስዳሉ፣ ልዩነታቸው እየተማሩ ደመወዝ ማግኘት መቻሉ ነው። በሁለቱ መካከል ደግሞ ቀያሹ፣ የመዋቅር መሐንዲሱ፣ ኤሌክትሪሺያኑ፣ የቧንቧ ባለሙያው፣ መጠንና ዋጋ የሚያሰላው ባለሙያ አሉ፤ ብዙ ወጣቶች ስማቸውን ሳይሰሙ ምርጫቸውን ይጨርሳሉ።

ሳልሸሽግ መናገር ያለብኝ ግን የአካል ጉዳይ ነው። ንጣፍ የሚያነጥፍ ሰው ጉልበቱ፣ ፌሮ (የኮንክሪት ብረት) የሚያስር ሰው ወገቡ ይጎዳል፤ ድንጋይና ኮንክሪት ሲቆረጥ የሚነሣው ደቃቅ አቧራ ሳንባን እስከ መጨረሻው የሚጎዳ በሽታ ያመጣል። ስለዚህ የመጀመሪያ አሠሪያችሁን ስትመርጡ ከክፍያው በፊት ጭንብልና የደኅንነት ቀበቶ ይሰጥ እንደሆነ ጠይቁ። ቢሮ ውስጥ ያለው ድካም ሌላ ዓይነት ነው፤ ሌሊቱን ሙሉ መቀመጥና ሥራን በተቆረጠ ቀን ለማስረከብ መጨነቅ ነው።

በአንዱ በኩል መግባት ሌላውን በር አይዘጋም። በቡርኪና ፋሶ የጋንዶ መንደር ተወላጅ የሆነው ፍራንሲስ ኬሬ ወደ ጀርመን የሄደው አናጢነት ለመማር ነበር። የአርክቴክቸር ተማሪ ሳለ ለመንደሩ ልጆች የነደፈው ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ2001 ተጠናቀቀ፤ ግድግዳው ከታመቀ የሸክላ አፈር ጡብ ነው፣ የቆርቆሮው ጣሪያም ሙቀቱ እንዲወጣ ከክፍሎቹ በላይ ከፍ ብሎ ተንሳፍፏል። እ.ኤ.አ. በ2022 ታላቁን የአርክቴክቸር ሽልማት፣ ፕሪትዝከርን፣ ሲቀበል የመጀመሪያው አፍሪካዊ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2009 ይህንኑ ሽልማት ያገኘው የስዊዘርላንዱ ፒተር ዙምቶርም መጀመሪያ የተማረው የቤት ዕቃ አናጢነት ነው። የሁለቱን ሥራ ስመለከት እቃው በእጃቸው አልፎ እንደሚያውቅ ይታየኛል።

ገና ያልወሰናችሁ ከሆነ፣ አንድ የእረፍት ወቅት ሳይት ላይ ረዳት ሆናችሁ ሥሩ፤ ይህ ካልተቻለ ሜትር ያዙና የምትኖሩበትን ክፍል ለክታችሁ በወረቀት ላይ አስፍሩት። መስኮቱ ከወለል ምን ያህል ከፍ እንደሚል፣ ግድግዳው ምን ያህል እንደሚወፍር መዝግቡ። ከዚያ አንዱን ማዕዘን ፈትሹ፤ ከጥጉ በአንዱ ግድግዳ 3፣ በሌላው 4 ሜትር ለክታችሁ ምልክት አድርጉ፣ በምልክቶቹ መካከል ያለው ርቀት ልክ 5 ሜትር ከሆነ ማዕዘኑ ትክክል ነው። ክፍሉ ከጠበበ 60፣ 80 እና 100 ሴንቲ ሜትርም ይሠራል። ብዙ ጊዜ ልክ አይመጣም። አንዳንዳችሁ ያንን ጥግ አፍርሳችሁ ለማቃናት እጃችሁ ይበላችኋል፤ ሌሎቻችሁ ቁጭ ብላችሁ ለምን እንደተጣመመ፣ ቁም ሣጥኑ እዚያ እንዴት እንደሚገባ ትነድፋላችሁ። ከሁለቱ የትኛውን እንዳደረጋችሁ ጻፉልኝ፤ ቀጣዩን ከዚያ ተነሥተን እንነጋገራለን።