ቆርጬ ከጨረስሁ በኋላ የጠየቅሁት ጥያቄ

ድሬዳዋ ከዚራ ውስጥ ለሚገነባ የቢሮ ሕንፃ ቁም ሣጥንና ጠረጴዛ ለመሥራት ስዋዋል፣ ባለቤቶቹ ሊድ የሚባለውን የአረንጓዴ ሕንፃ ምስክር ወረቀት እንደሚፈልጉ ነግረውኛል። ልኬት ወሰድሁ፣ ሥዕሉ ጸደቀ፣ ቅድመ ክፍያውም ገባ። መከራዬ የጀመረው ከኤምዲኤፉ ነው፤ የእንጨት ቃጫ በሙጫ ተጨምቆ ከሚሠራው ሰሌዳ።

ውሉ ላይ «ዝቅተኛ ልቀት ያለው» የሚል ሐረግ ነበር። ነጋዴው ጠርዙ ላይ የታተመውን «ኢ1» በጣቱ እያሳየ «ወንድሜ፣ ከዚህ በላይ ምን ትፈልጋለህ?» አለኝ። አመንሁት። ባለ 18 ሚሊሜትር 60 ኤምዲኤፍ ገዛሁ፤ ልጆቹም በሳምንት ቆርጠው ጨረሱት። የኤምዲኤፉን ሰነድ ለሕንፃው አማካሪ ለኢንጂነሯ የላክሁት ከዚያ በኋላ ነው፤ እንደ እኔ ያለ ሞኝ ነው እንዲህ የሚያደርገው። መልሷ አንድ መስመር ነበር፦ ተቀባይነት የለውም።

ሌሊቱን ሳነብ አድሬ ቁጥር ታጥቄ ሄድሁ። ኢ1 የአውሮፓ ደረጃ ነው፤ ከሙጫው የሚወጣው ፎርማልዴሃይድ የሚባል ጎጂ ጋዝ ጣሪያው በአንድ ሜትር ኩብ አየር 0.124 ሚሊግራም፣ ማለትም ወደ 0.1 ፒፒኤም (ከሚሊዮን 0.1 እጅ) ነው። የአሜሪካዋ ካሊፎርኒያ ደንብ ሁለተኛው ዙር ደግሞ ለኤምዲኤፍ 0.11 ፒፒኤም ይፈቅዳል። «የእኔ ያንሳል!» አልኋት። ኢንጂነሯ ሳትቆጣ አስረዳችኝ። የሁለቱ ምርመራ ስለሚለያይ ቁጥሮቹን ጎን ለጎን አቁሞ ማወዳደር አይቻልም። ደግሞስ ሊድ አራተኛው እትም በ0.11 መች ረክቶ? እንጨቱ በዚያው ደንብ እጅግ ዝቅተኛ ልቀት ያለው ወይም ፎርማልዴሃይድ ባልተጨመረበት ሙጫ የተሠራ ተብሎ የጸደቀ መሆን አለበት።

«ታዲያ ውሉ ላይ ለምን በግልጽ አልተጻፈም?» ስላት «አባሪው ላይ አለ» አለችኝ። እውነትም አለ፤ በእንግሊዝኛ፣ 61ኛው ገጽ ላይ። ለአናጢ በዚህ መንገድ የሚነግሩ ሰዎች እንዲሰማ ይፈልጋሉ ብዬ አላምንም። አለማንበቤ ግን የራሴ ጥፋት ነው።

ሁለተኛው አቅራቢ ምስክር ወረቀት ላከልኝ፤ ወረቀቱ ላይ ያለው ፋብሪካና እሽጉ ላይ የተለጠፈው ስም ግን አይገናኙም። ትክክለኛው ዕቃ እስኪመጣ ሰባት ሳምንት ጠበቅሁ፤ የመዘግየት ቅጣቱም ከኪሴ ወጣ። አሁን የእሽጉን ምልክት ፎቶ ሳላይ አንድ ብር አልከፍልም። እሽጉ ሲፈታም ወረቀቱን አልጥልም።

ኢንጂነሯ «ወረቀቱ ከተሟላ በቂ ነው፣ የሰሌዳውን ጥሬ ጠርዝ በልጥፍ መሸፈን የሊድ ነጥብ አያስገኝም» ትላለች። በዚህ አልስማማም። ምርመራው የሚካሄደው በ23 ወይም በ25 ዲግሪ ክፍል ውስጥ ነው፤ የእኛ ሰኔ 35 ይደርሳል። ኤምዲኤፍ በብዛት የሚሠራበት የዩሪያ ሙጫ ደግሞ ሙቀትና እርጥበት ሲያገኘው ፎርማልዴሃይዱን አብዝቶ ይለቃል። የውጭ ዜጋ የጻፈው ወረቀት የድሬዳዋን ቀትር አያውቅም። ስለዚህ ጥሬ ጠርዝ አልተውም፤ ከኋላና ከታች፣ ማንም በማያየው በኩልም እለጥፋለሁ። ሣጥኑን ከማስረከቤ በፊት መሳቢያዎቹን ከፍቼ ሦስት ሳምንት አናፍሳለሁ። በተቻለ መጠን ደግሞ ለእግርና ለፍሬም ጣውላ እጠቀማለሁ።

ከመጀመሪያዎቹ ኤምዲኤፎች የ22ቱ ቁራጭ አሁንም ሥራ ቤቴ ጀርባ ተደርድሯል። ልኬቱ 58 በ72 ሴንቲሜትር ነው። መዝጊያ የሌለው መደርደሪያ ለሚሠራ ሰው በግዢው ግማሽ ዋጋ እሰጣለሁ፤ ለልጆች መኝታ ክፍል ከሆነ ግን አልሸጥም።