ከቀኝ ሲቆርጡት የማይበገረው 73939133

ድሬዳዋ ታይዋን ገበያ የሚሸጠው ተራ ባለ 8 አሃዝ ካልኩሌተር 73939133ን ልክ ሞልቶ ይይዘዋል። ቁጥሩ ብቸኛ ቁጥር (ፕራይም)፣ ማለትም ያለ ቀሪ ለ1 እና ለራሱ ብቻ የሚካፈል ነው። ከቀኝ አንድ አንድ አሃዝ ስታነሱ 7393913፣ 739391፣ 73939፣ 7393፣ 739፣ 73 እና 7 ይቀራሉ፤ ሁሉም ብቸኛ ናቸው። እንዲህ ያሉ ቁጥሮች በጠቅላላ 83 ብቻ ሲሆኑ ትልቁ ይኸው ነው። ከግራ ከቆረጣችሁት ግን ወዲያው ይፈርሳል፤ 3939133 ማለት 11 × 358103 ነው።

739ን ለመፈተን ስኩዌር ሩቱ 27 ገደማ ስለሆነ እስከ 23 ባሉት ብቸኛ ቁጥሮች ማካፈል ይበቃል። ትልቁን ስትፈትኑ ግን ካልኩሌተሩን አትመኑት። ለ7 ስታካፍሉ 10562733 ብሎ ይቆማል፤ ከነጥብ በኋላ ላለው ቦታ ስለሌለው ያለ ቀሪ የተካፈለ ይመስላል። መልሳችሁ በ7 አባዙት፤ 73939131 ይመጣል፣ 2 ይጎድላል።

ዘጠነኛ አሃዝ ጨምሮ መቀጠል ለምን አይቻልም? በጣም የምወደው ይህን ክፍል ነው። ተጋማሽ አሃዝና 5 ገና ከመጀመሪያው ይወድቃሉ። የአሃዞቹ ድምር 38 ስለሆነ 1 ወይም 7 ብትጨምሩ ድምሩ 39 ወይም 45 ይሆናል፤ ቁጥሩም ለ3 ይካፈላል። የሚቀሩት 3 እና 9 ናቸው፤ 739391333ም ሆነ 739391339 ብቸኛ አይደሉም።