ዘንጉ ባይነቀል ኖሮ

የጎልፍ ሜዳ ላይ ነን። ፓር 3 ነው፣ ማለትም በሦስት ምት መጨረስ የሚጠበቅበት፤ ከቲው (ከመምቻው መነሻ) እስከ ባንዲራው 148 ሜትር። በ7 ቁጥር አይረን (የብረት ዱላ) የተመታችው ኳስ ጉድጓዱ ውስጥ ከተተከለው የባንዲራ ዘንግ 4 ሜትር ያህል ስትቀር አረፈች፣ አንዴ ነጠረች፣ ከዚያ ተንከባልላ ዘንጉ ሥር ቀረች። ከዚያ ርቀት የገባችውን ኳስ ከቆመችው መለየት አይቻልም፤ ቲው ላይ ግን "ገባች!" የሚለው ጩኸት ቀድሞ ወጥቷል።

ካዲው፣ የተጫዋቹ ዱላ ተሸካሚ፣ ከሁሉም በፊት ደረሰ። ኳሷ ዘንጉን ተደግፋ የጉድጓዱ አፋፍ ላይ ቆማለች። ትገባለች ብሎ ዘንጉን መዘዘው፤ ኳሷ ግን ተፈናጥራ አንድ ስንዝር ወደ ኋላ ወጣች።

ክርክሩ የተነሣው እዚህ ላይ ነው። ከ2019 ጀምሮ በሚሠራው ሕግ፣ ዘንጉን ከተደገፈች ኳስ ላይ ጥቂቷ እንኳ ከግሪኑ (ጉድጓዱ ካለበት አጭር ሣር) ወለል በታች ከሆነ ገብታለች ማለት ነው፤ ዘንጉን መንካትም አያስፈልግም። ካዲው ሲጠየቅ እውነቱን ተናገረ፦ ኳሷ ሙሉ በሙሉ ከሣሩ ወለል በላይ ነበረች። እንደዚያ ከሆነ ደግሞ ዘንጉ ሲነቀል ወደ ውስጥ ብትወድቅም አትቆጠርም፤ ያለ ቅጣት ተመልሳ አፋፉ ላይ ትቀመጣለች። በድሮው ሕግ ብትወድቅ ኖሮ ትቆጠር ነበር፤ ብዙ ካዲዎችን የሚያሳስተው ይህ የቆየ ልማድ ነው። ከሁሉ የሚቆጨው ግን ሌላ ነው፤ ጥቂቷ እንኳ አፋፉን ያለፈች ኳስ ተጫዋቹ ከደረሰ በኋላ 10 ሰከንድ ይጠበቅላታል፣ በዚያ ውስጥ በራሷ ከወደቀች በአንድ ምት እንደገባች ይቆጠራል። መዘዛው ያንን ዕድል ዘጋው። ኳሷ አፋፉ ላይ ተመልሳ በሁለተኛ ምት ገባች፤ የውጤት ካርዱ ላይ 2 ተጻፈ።

ለመሆኑ ኳሷን ምን አቆማት? የጉድጓዱ ስፋት 108 ሚሊሜትር ነው። ዘንጉ 19 ሚሊሜትር ቢወፍር በዙሪያው የሚተርፈው 44.5 ነው፤ ኳሷ ደግሞ ቢያንስ 42.67። መላወሻው ሁለት ሚሊሜትር አይሞላም! ጠዋት ጉድጓዱን የቀየረው ሠራተኛ ሲቆርጥ የረገፈው አሸዋ ጉድጓዱ ውስጥ የሚቀመጠው ኩባያ ግርጌ ካለው የዘንጉ መሰኪያ ገብቶ ስለነበር፣ ዘንጉ እስከ መጨረሻው ሳይገባ ወደ ቲው አጋድሎ ኳሷ በመጣችበት በኩል ያለውን ክፍተት አጥብቦታል። የሁለት ሜትር ዘንግ 8 ዲግሪ ሲያጋድል ጫፉ 28 ሴንቲሜትር ገደማ ይርቃል። ቲው ላይ ለቆመ ሰው ግን ወደ ራሱ ያጋደለ ዘንግ ቀጥ ያለ ይመስላል፤ ማንም ያላስተዋለው ለዚህ ነው።

ሠራተኛው አሁን ኩባያውን ከወለሉ ቢያንስ 25.4 ሚሊሜትር ዝቅ አድርጎ ካስቀመጠ በኋላ መሰኪያውን በጣቱ ይጠርጋል፣ ዘንጉን ተክሎም መጀመሪያ ከቲው በኩል፣ ከዚያ ከጎን ያየዋል።