የተቆላ ቡና ማሸጊያ ስትመርጡ ውስጡን እዩ

መርካቶ ባዶ የቡና ማሸጊያ ሊገዛ የገባ ሰው መጀመሪያ የሚያየው ቀለሙን ነው። ጥቁሩ ይሻላል ወይስ ክራፍት የሚባለው ቡናማ ወረቀት? ሻጩም የሚዘረጋለት እሱኑ ነው። ቡናውን የሚያድነው ግን ከውስጥ የተለበጠው ስስ ሽፋን ስለሆነ፣ ከረጢቱን ከማድነቃችሁ በፊት አፉን ከፍታችሁ ውስጡን እዩ።

የምንጽፈው ፒያሳም ይሁን ካዛንቺስ፣ በሳምንት ከ20 እስከ 100 ኪሎ ቆልቶ በ250 ግራምና በግማሽ ኪሎ እያሸገ ለሚሸጥ ትንሽ ቤት ነው። ትልልቆቹ የራሳቸው ባለሙያ አላቸው።

ውስጡ ነጭ ወይም ብርሃን የሚያሳልፍ ከሆነ የያዛችሁት ወረቀት ላይ የተለበጠ ተራ ላስቲክ ነው። ይህ ላስቲክ፣ ማለትም ፖሊኢትሊን፣ እርጥበትን በደንብ ይከላከላል፤ ኦክስጅንንና ሽታን ግን ያሳልፋል። ከውጭ ሲታይ በደንብ ተዘግቷል፣ ቡናው ግን ቀስ በቀስ እየሻገተ ሳይሆን እየደነዘዘ ይሄዳል። ሱቅ ውስጥ ከሳሙና አጠገብ ሁለት ሳምንት የተቀመጠ እንዲህ ያለ ከረጢት ሲከፈት ቡናው ሳሙና ሳሙና ይላል። ሽታ በአንድ አቅጣጫ ብቻ አይሄድማ፤ የቡናው ይወጣል፣ የጎረቤቱ ይገባል። ጠዋት ተቆልቶ በዚያው ሳምንት ለሚያልቅ ቡና ይህ ከረጢት ይበቃል፤ ከዚያ በላይ አትመኑት።

ውስጡ ብርማ ከሆነ ደግሞ ሁለት ዓይነት ነው፤ ሻጮቹ ሁለቱንም «ፎይል» ይሏቸዋል። አንደኛው እውነተኛ የአሉሚኒየም ፎይል ያለበት ነው። ሌላው ሜታላይዝድ የሚባለው፣ ላስቲክ ላይ በጣም ስስ የብረት ትነት የተቀባበት ነው። የመለየቱ ዘዴ ቀላል ነው። የስልካችሁን መብራት አብርታችሁ ከረጢቱ ውስጥ ክተቱት፣ ክፍሉን አጨልሙ። ሜታላይዝድ ከሆነ መብራቱ ደብዘዝ ብሎ ይታያል፤ ፎይል ከሆነ ጨለማ ነው። ፎይሉ ላይ እጥፋቱ አካባቢ የመርፌ ጫፍ የምታህል ብርሃን ብልጭ ካለች ደግሞ እዚያ ተበስቷል ማለት ነው። መብራት ካልያዛችሁ ጠርዙን ጨምድዱት፤ ፎይል እንደተጨማደደ ይቀራል፣ ሜታላይዝድ ተመልሶ ይዘረጋል።

የተለመደው የፎይል ከረጢት ከላይ 12 ማይክሮን (ማይክሮን የሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ ነው) ፖሊስተር፣ መሃል 7 ማይክሮን አሉሚኒየም፣ ከውስጥ ከ80 እስከ 100 ማይክሮን ፖሊኢትሊን አለው። ሻጩ ይህን ሊነግራችሁ ካልቻለ ናሙና ወስዳችሁ ራሳችሁ ፈትኑት። በእኛ ፍርድ አዲስ አበባ ውስጥ በወር ጊዜ ተሸጦ ለሚያልቅ ቡና ሜታላይዝድ በቂ ነው። ሱፐርማርኬት መደርደሪያ ላይ ሦስት ወር የሚቆይ ወይም ወደ ውጭ የሚሄድ ከሆነ ግን ፎይሉን ግዙ። ፍሬው እንዲታይ ተብሎ መስኮት የተሰራለትን ክራፍት ግን ተዉት። ብርሃን ያስገባል፣ መስኮቱም ብዙ ጊዜ ከሁሉ ደካማው ላስቲክ ነው።

ቀጥሎ ቫልቩ፣ ከረጢቱ ላይ የምትገጠመው ትንሿ የጋዝ ማስወጫ። የተቆላ ቡና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይተነፍሳል፤ ከአንድ ኪሎ በርካታ ሊትር ይወጣል፣ የሚበዛውም በመጀመሪያው አንድና ሁለት ቀን ነው። ፍሬውን ትኩሱን ያለ ቫልቭ ካሸጋችሁት ከረጢቱ እንደ ኳስ ይነፋና በደካማው ስፌት (በሙቀት በተጣበቀው ጠርዝ) በኩል ይፈነዳል። አንዳንዱ ይህን ለማስቀረት በመርፌ ይበሳዋል። ቀዳዳ ግን ወዲያም ወዲህም ክፍት ነው፤ ጋዙ ሲያልቅ አየሩ በዚያው ይገባል። ቫልቭ ጋዙን ያስወጣል፣ አየር አያስገባም፤ የሚከፈልበትም ለዚህ ነው።

ከገዛችሁት ላይ ከየመቶው አምስቱን መርጣችሁ ፈትኑ። ባዶውን ከረጢት አየር እንደያዘ አሽጉትና ጫን በሉት፤ አየሩ በቫልቩ መውጣት አለበት። እጃችሁን ስታነሱ እንደተኮማተረ ከቀረ ቫልቩ ደህና ነው። ተመልሶ ከተነፋ ግን የመርፌ ቀዳዳ ከመግዛት አልተለያችሁም። ለጀበና የደቀቀ ቡና የምታሽጉ ከሆነ ቫልቩ ከውስጥ በኩል ማጣሪያ ያለው መሆኑን እዩ፤ ማጣሪያ ከሌለው ዱቄቱ ገብቶ ክዳኑን ከፍቶ ያስቀረዋል። የተፈጨ ቡና ጋዙን ቶሎ ስለሚጨርስ አንዳንዶች ጥቂት ሰዓት አቆይተው ያለ ቫልቭ ያሽጉታል። ይሆናል፣ ግን በዚያ ጥቂት ሰዓት ከጋዙ ጋር ሽታውም ይሄዳል።

መጠኑን በግምት አትግዙ። ለ250 ግራም ፍሬ በብዛት የሚያገለግለው 13 በ21 ሴንቲ ሜትር፣ ታችኛው እጥፋት 8 ሴንቲ ሜትር የሆነው ቆሞ የሚቀመጥ ከረጢት ነው። ቡና ግን እንደ አቆላሉ ይለያያል፤ ጠቆር ያለው ስለሚያብጥ በተመሳሳይ ክብደት ብዙ ቦታ ይይዛል። የራሳችሁን ቡና አምጥታችሁ ሙሉት፤ ከዚፑ በታች ሦስት ጣት ያህል ባዶ ካልቀረ ማሽኑ አፉን በደንብ አይነክሰውም።

ብዙ ከረጢት የሚበላሸው አስተሻሸግ ላይ ነው። ጥሩ ፎይል ገዝቶ በመጥፎ ስፌት ማሸግ በር ገዝቶ ሳይቆልፉ እንደመሄድ ነው። የእጅ ማሸጊያ ማሽን ላይ ያለው ቁጥር የሙቀት ዲግሪ ሳይሆን ሽቦው የሚግልበት ጊዜ ነው፤ ስለዚህ በአንዱ ማሽን 5 የሆነው በሌላው 7 ሊሆን ይችላል። ከዝቅተኛው ጀምራችሁ አንድ አንድ እየጨመራችሁ ባዶ ከረጢት አሽጉና በሁለት እጅ ሳቡት። ስፌቱ እንደ ስቲከር ከተላጠ ሙቀቱ አንሷል። ከስፌቱ አጠገብ ያለው ላስቲክ ተሸብሽቦ ከተሰነጠቀ በዝቷል። ትክክለኛው ስፌቱ ሳይለቅ ላስቲኩ ራሱ የሚቀደድበት ነው። ስፌቱ ከ8 ሚሊ ሜትር ባይጠብ ይመረጣል። መብራት ሄዶ ሲመጣ ወይም ኃይሉ ሲዋዥቅ ሙከራውን ድገሙት፤ ጠዋት ደህና የነበረው ቁጥር ከሰዓት የሚላጥ ስፌት ያወጣል።

የጎን እጥፋት ያለው ከረጢት፣ ያ እንደ ጡብ የሚቆመው፣ ያምራል፤ አፉ ላይ ግን መሃሉ ሁለት ንብርብር፣ ዳርና ዳሩ አራት ንብርብር ነው። ለመሃሉ የሚበቃው ሙቀት ለዳሩ አይበቃም። ሁለቱ በሚገናኙበት ቦታ ጸጉር የምታህል ቀዳዳ ትቀራለች፤ በዓይን አትታይም። ቆሞ የሚቀመጠው ከረጢት ግን አፉ ዳር እስከ ዳር ሁለት ንብርብር ብቻ ስለሆነ፣ የእጅ ማሽን ላለው ሰው እሱ ነው የሚሆነው።

ዱቄት የምታሽጉ ከሆነ ሌላ ጣጣ አለ። የደቀቀ ቡና ላስቲኩ አፍ ላይ ይለጠፋል፣ ስፌቱም በዱቄቱ ላይ ያርፋል። መፍትሔው አንድ ወፈር ያለ ወረቀት እንደ ማንቆርቆሪያ ጠቅልሎ ከዚፑ በታች እስኪገባ አስገብቶ በዚያ ማፍሰስ፣ ከዚያ አፉን በደረቅ ጨርቅ ጠረግ አድርጎ ማሸግ ነው። ፈተናው ውኃ ነው፤ የታሸገውን ከረጢት ቫልቩን በጣታችሁ ደፍናችሁ ባልዲ ውኃ ውስጥ ጫን በሉት። አረፋ ከየት እንደሚወጣ ታያላችሁ፤ ብዙ ጊዜ ከዳሩ ነው።

ከታሸገ በኋላ የአዲስ አበባ ከፍታ ራሱ ነገር ያመጣል። ከተማችን ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለል ሦስት አራተኛውን ያህል ነው። እዚህ የታሸገ ከረጢት ጅቡቲ ሲደርስ ውስጡ የቀረው አየር በሩብ ያህል ይኮማተራል፣ ከረጢቱም ቡናው ላይ ይጣበቃል። ደንበኛ «ጎድሎ ነው የመጣው» ብሎ ሲደውል ክብደቱን አስመዝኑት። በተቃራኒው ድሬዳዋ የታሸገ እዚህ ሲመጣ ነፋ ይላል። ስለ አውሮፕላን ብዙ ሰው ይጨነቃል፤ የመንገደኛ አውሮፕላን ውስጥ ያለው ግፊት ግን ከዚህ ከተማ ግፊት እምብዛም አይወርድም። አዲስ አበባ ላይ በደንብ የታሸገ ቡና ሻንጣ ውስጥ ከፈነዳ ጥፋቱ የቫልቩ ወይም የስፌቱ እንጂ የሰማዩ አይደለም።

ህትመት ላይ ምክራችን ባዶ ከረጢትና ስቲከር ነው። ከረጢቱ ላይ በቀጥታ ማሳተም ብዙ ጊዜ በሲሊንደር (በሚቀረጽ የብረት ከበሮ) ሲሆን ለእያንዳንዱ ቀለም አንድ ሲሊንደር ይቀረጻል፤ ለትንሽ ትዕዛዝ አያዋጣም። ደግሞ አድራሻ አለ። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ ለኮሪደር ልማት ሲፈርስ ስንት ሱቅ እንደተነሣ ሁሉም ያውቃል። አድራሻችሁ የታተመበት አምስት ሺህ ከረጢት መጋዘን ውስጥ እያለ ተነሡ ብትባሉስ? ስቲከር ቢሆን የምትጥሉት ወረቀት ነው።

ስቲከሩን ስታሳትሙ ለፊደሉ ተጠንቀቁ። አሁንም የቆየ የፓወር ግዕዝ ፊደል የሚጠቀም ማተሚያ ቤት አለ፤ ከስልክ የላካችሁት የዩኒኮድ ጽሑፍ እዚያ ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት አራት ማዕዘን ወይም ትርጉም የሌለው ምልክት ይሆናል። ጽሑፉን ወደ ከርቭ (ፊደሉን ወደ ሥዕል) ቀይራችሁ በፒዲኤፍ ላኩ፣ ከመታተሙም በፊት አንድ ቅጠል አስወጥታችሁ ፊደል በፊደል አንብቡ። በፊደል መጠን ከ8 ነጥብ በታች አትውረዱ፤ «ሟ»ና «ሚ» በሚያንስ ፊደል አይለዩም። በሙቀት የሚያትመው የደረሰኝ ዓይነት ወረቀት መስኮት አጠገብ ይነጣል፣ ተራ የቀለም ፕሪንተር ህትመትም የቡናው ቅባት ሲነካው ይዝረከረካል። ላሚኔት የተደረገ፣ ማለትም በስስ ላስቲክ የተለበጠ፣ ይሻላል።

ስቲከሩ ላይ የምርቱ ስም፣ የተጣራ ክብደት፣ የአምራቹ ስምና አድራሻ፣ የምርት መለያ ቁጥር፣ የተመረተበትና የሚያበቃበት ቀን ይቀመጥ። ከዚህ በላይ ለእናንተ ምርት ምን እንደሚፈለግ ከማሳተማችሁ በፊት የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣንን ጠይቁ። እኛ የተቆላበትንም ቀን እንድትጨምሩ እንመክራለን፤ ቡና የሚያውቅ ገዢ መጀመሪያ የሚፈልገው እሱን ነው።

ቀኑ ግን ወጥመድ አለው። «01/05/18» ብሎ የተጻፈ ከረጢት ለእኛ ጥር 1 ቀን 2018 ነው። የውጭ አገር ሰው ግን ስምንት ዓመት ያለፈበት ቡና አድርጎ ያነበዋል። የወሩን ስም በፊደል ጻፉ፣ ከዓመቱም በኋላ «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» ሳትሉ አትለፉ። የሚሽከረከር የቀን ማኅተም የምትገዙ ደግሞ የወሩ ቁጥር እስከ 12 ብቻ መሆኑን አስታውሱ፤ ጳጉሜን ላይ የተቆላ ቡና በእጅ ነው የሚጻፈው። የተራ ማኅተም ቀለም ፎይል ላይ አይደርቅም፣ በአውራ ጣት ይጠረጋል፤ ስለዚህ ለቀኑ ስቲከሩ ላይ ላሚኔት ያልተደረገ ነጭ ቦታ ተዉለት።

ሚዛን ላይ የባዶው ከረጢት ክብደት ይረሳል። የ250 ግራም የፎይል ከረጢት ከነቫልቩ ከ10 ግራም በላይ ይመዝናል። ሚዛኑን ባዶውን ከረጢት አስቀምጣችሁ ዜሮ ካላደረጋችሁ ለገዢው የምትሰጡት 240 ገደማ ነው። አንዱ ገዢ ቤቱ ሚዛን ካለው ጉዳዩ ከከረጢት ያልፋል።

ለመያዣ የምትሰጡት ፌስታል ነገርም አለ። በ2017 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ባጸደቀው የደረቅ ቆሻሻ አዋጅ ፌስታል ተከልክሏል፤ ወረቀት ወይም ጨርቅ አዘጋጁ። የወረቀቱ ታች ሁለት ኪሎ እንደሚችል ሙልታችሁ ወደ ላይና ወደ ታች እያወዛወዛችሁ ሞክሩት፤ ብዙው እጀታው ላይ ሳይሆን ታቹ ላይ ነው የሚለቀው።

በክረምት ባዶዎቹን ከረጢቶች ወለል ላይ አታስቀምጡ፤ ክራፍቱ እርጥበት ጠጥቶ ሲታሸግ ከውጭ ይላላጣል። የተፈጨ ቡናም በዝናብ ቀን በተከፈተ በር አጠገብ አታሽጉ። ከእያንዳንዱ ቁሌት ሦስት የታሸጉ ከረጢቶች ደግሞ ቀኑን ጽፋችሁ ቁም ሳጥን ውስጥ አስቀምጡ። በአንድ ወር አንዱን፣ በሦስት ወር ሌላውን ክፈቱና አፍልታችሁ ቅመሱት። ደንበኛ ቅሬታ ይዞ ሲመጣም የዚያኑ ቁሌት የቀረውን ከረጢት አውጥታችሁ ከእሱ ጋር አብራችሁ ክፈቱት።