ሰኔ ሲደርስ የሚሞላው ቅጽ

የሰኔ የሥራ አፈጻጸም ምዘና በደረሰ ቁጥር አንድ ነገር ያንገበግበኛል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በቅጥርም ሆነ በእድገት ውድድር ሴቷ ከወንዱ እኩል ውጤት ካመጣች ቅድሚያ ይሰጣታል ይላል። ጥሩ ሕግ ነው። ነገር ግን ያ እኩል ውጤት ላይ ሳትደርስ ነጥቧ አስቀድሞ ተሸርሽሯል።

ወንዱ ስብሰባ ላይ ተከራክሮ አቋሙን ካልለቀቀ «ቆራጥ» ነው። እሷ ያንኑ ስታደርግ «ኃይለኛ ናት» ትባልና «የቡድን ሥራ» ከሚለው መስፈርት ላይ ይቀነስባታል። ልጁ ታሞበት 9 ሰዓት ላይ የወጣው ጎበዝ አባት ነው፤ እሷ ግን ሐሳቧ ቤቷ ነው። ለዚህ የማውቀው መፍትሔ፣ ኃላፊው ነጥብ ከመስጠቱ በፊት ድርጊቱን ከነቀኑ እንዲጽፍ ማድረግ ነው። «መጋቢት 12 በግዥ ሰነዱ ላይ ተቃውሞ አቀረበች፤ የዋጋ ስሌቱ ታረመ» ብሎ የጻፈ ሰው ከሥሩ «አትግባባም» ብሎ ለመሙላት እጁ ይከብደዋል።

ከሁሉ የሚብሰው የወሊድ ፈቃዱ ነው። ሕጉ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ተከታታይ ቀናት ይሰጣል፤ በጠቅላላው አራት ወር ገደማ። የዓመት እቅዷ 240 ፋይል ቢሆን በወር 20 ማለት ነው፤ በሠራችባቸው ስምንት ወራት የሚጠበቅባት 160 ነው። 168 ከጨረሰች 105 በመቶ ሠርታለች። እቅዱን ሳይከልሱ ለ240 ሲያካፍሉት ግን 70 በመቶ ይወጣና «ዝቅተኛ» ትባላለች። ስለዚህ ፈቃድ ከመውጣቷ በፊት የተከለሰው እቅድ በጽሑፍ ይዘጋጅ፤ እሷና ኃላፊዋ ይፈርሙበት፤ አንድ ቅጂ እሷ ጋ ይቅር። በቃል የተባለ ነገር ኃላፊው ሲቀየር አብሮ ይሄዳል። (ለአባት የተሰጠው ሦስት ቀን ብቻ ስለሆነ የእሱ እቅድ ላይ ምንም አይነካም።)

ቃለ ጉባዔውስ? «ጽሑፍሽ ያምራል» ተብሎ ሁልጊዜ ለእሷ ይሰጣል። የምትጽፍ ሰው አንገቷን ደፍታ የሌላውን ቃል ስትለቅም የራሷን ሐሳብ የምታነሳበት ፋታ አታገኝም፤ በቃለ ጉባዔውም የሐሳብ አቅራቢ ሆና ስሟ አይገባም። የለቅሶና የልደት መዋጮ መሰብሰቡም እንደዚሁ እሷ ላይ ይወድቃል፤ የትኛውም መስፈርት ላይ ግን አይቆጠርላትም። በፊደል ተራ ዙር ይውጣ።

መስክ ላይ ደግሞ «ልጅ አላት፣ አናስቸግራት» ይባላል። ማንም አልጠየቃትም። አበሉ ይቀርባታል፤ ከዚያ የቡድን መሪ ቦታ ሲወጣ «የመስክ ልምድ የላትም» ይባላል። የመስክ መዝገቡን አውጥታችሁ በዓመቱ ማን ስንት ቀን እንደወጣ በየስሙ ደምሩ። ልጆች ያሏቸው አባቶችም እዚያው መዝገብ ላይ አሉ።